የባለድስቱ ቤት ማንቆርቆሪያ

ድስቱ ከነክዳኑ ጠፍቷል። ምድጃው አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ፣ ወንበሮቹ እግራቸውን ወደ ላይ አንጨፍርረው በየጠረጴዛው ላይ ተሰቅለዋል፤ ሕፃን ልጅ ገላውን ሊታጠብበት የሚችለው ያ ትልቅ የሾርባ ድስት ብቻ ከቦታው የለም። በነበረበት ላይ ክብ ጥቁር ምልክት ቀርቷል።

«ቅዳሜ እኮ ሐራጅ ነው!» አለ የባንኩ ሰው። ክራባቱን አንዴ ያጠብቃል፣ አንዴ ያላላል። «ገዢው የሚፈልገው የምግብ ቤቱን ስምና ድስቱን ነው። ወንበርና ጠረጴዛውንማ ማን ይፈልገዋል? ከተማው ሁሉ የሚሸጥ ወንበርና ጠረጴዛ ሆኗል።»

ኢንስፔክተሩ አጎንብሶ ምልክቱን ተመለከተ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ከፊቱ ይልቅ ሆዱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ከሆዱም ግማሹን የገነባው እዚሁ ቤት ነው። ባለድስቱ ምግብ ቤት ሰባት ቅርንጫፍ ከመሆኑ በፊት፣ ይህች የመጀመሪያዋ ቤት ብቻ ሳለች፣ እሱ ተራ ፖሊስ ሆኖ ጥግ ላይ፣ ከባለቤቶቹ የሠርግ ፎቶ ሥር ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ነበር። በኋላ ድስቱ በሰባቱም ቤት በር ላይ ተስሎ ከተማውን ሞላው። ከዚያ ኑሮ ተወደደ፤ ሰው ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ መውጣት ጀመረ፤ ብድሩም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቤቶቹን አንድ በአንድ ወሰዳቸው። የመጨረሻ የተዘጋችው ይህችው የመጀመሪያዋ ናት።

«ትናንት ጠዋት ነበረ፣ ዛሬ ጠፋ። ዘበኛውን አስይዤዋለሁ» አለ የባንኩ ሰው። «ንብረቱን ተረክቦ የፈረመው እሱ ነው። እስከ ቅዳሜ ድስቱ ካልተገኘ ክስ ይመሠረትበታል። አለቆቼ ቆርጠዋል።»

ኢንስፔክተሩ ዘበኛውን ያውቃቸዋል። ዘበኛው ድሮ የዚህ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበሩ። ደሞዝ አልደርስ ብሎ ሲቸግረው በጓሮ ጠርተው፣ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ያስይዙት የነበሩ ሰው ናቸው። እኚህን ሰው በስተርጅና እስር ቤት ማየት አልፈለገም።

ሳጅኗ ከጓሮ በኩል መጣች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ልጆቿ መዋሸት ከተዉ ቆይተዋል፣ አያዋጣቸውማ። «የፊት ለፊቱ በር እሽግ አልተነካም» አለች። «ከባዶ ሣጥኖቹ ጀርባ ግን አንዲት ትንሽ በር አለች፣ ባንክ ያላሸጋት። በቁልፍ ነው የተከፈተችው።»

«ቁም ሣጥን እኮ ነው የመሰለችን!» አለ የባንኩ ሰው፤ ክራባቱንም አጠበቀ።

ኢንስፔክተሩ ኩሽናውን ዞረው። ሁሉም ነገር ላይ አቧራ ተኝቷል። ምድጃው ጥግ ያለችው አሮጌ ማንቆርቆሪያ ግን ተወልውላለች። ሲያነሣት ከበደችው። ክዳኗን ገለጥ ቢያደርግ፣ ጥርት ያለ ውሃ እስከ አንገቷ ሞልቷታል። ወደ ቧንቧው ሄዶ ከፈተው፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳለና ዝም አለ።

«ውሃው ከተቆረጠ ቆየ» አለ የባንኩ ሰው። «የሚከፍል ጠፍቶ።»

«ሌባው ጠምቶት ይሆናል» አለች ሳጅኗ።

«የጠማው ይጠጣል እንጂ ይሞላል?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ማንቆርቆሪያ ይሞላል ሲሉ ግን አልሰማሁም።»

በጓሮዋ በር ትይዩ አንድ ባለሱቅ ሳሙና ይደረድራል። ኢንስፔክተሩ ወደ እሱ ተሻገረ።

«ትናንት በዚህች በር ሌባ ሲገባ አይተሃል?»

«ሌባ? ኧረ በፍጹም! ሌባ ባይማ ሰፈሩን በጩኸት አናጋው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖት ሄደ።

ዘበኛው በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁታል። ሲያዩት ሊነሡ ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

«ጋሼ፣ ድስቱ ሲወጣ የት ነበሩ?»

«እዚያው በር ላይ። እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

«እርስዎን? ድመት ስትረግጥ የሚሰሙትን ሰውዬ?»

«እርጅና ነው ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ኮፍያው ላይ ተተከለ።

ሳጅኗ ወደ ደረታቸው ጎንበስ አለችና፣ «ጋሼ፣ ከኮቱ ሥር የለበሱት ሸሚዝ የማን ነው?» አለች።

ሽማግሌው ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ግን ረፍዷል። የባለድስቱ ዘበኛ የደንብ ልብስ ቡናማ ነው። ከሥሩ ብቅ ያለው አንገትጌ አረንጓዴ ነው።

«የመድኃኒት መጋዘኑ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማታ ማታ እዚህ፣ ቀን ቀን እዚያ። የሟች ልጄን ልጆች የማሳድገው እኔ ነኝ፣ የአንድ ቤት ደሞዝ ለዳቦ እንኳ አልበቃ አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ማን ይሰርቃል ብዬ ነው። ይህን ከተናገርክ ከሁለቱም እባረራለሁ። ከሁለት ያጣ ልሁን?»

«መታሰሩ ይሻላል?»

«እስር ቤት የሚገባው አንድ ሰው ነው። የተባረርኩ እንደሆነ የሚራበው ቤተሰብ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መጋዘኑ ሄደ። የመጋዘኑ ኃላፊ ስለ ሌላ ጉዳይ የተጠየቀ መስሎት ሽማግሌው ትናንት ቀኑን ሙሉ ከመጋዘኑ በር እንዳልተነቃነቁ ተናገረ። ማታ ድመት ስትረግጥ የሚሰሙት ሰው ካልሰሙ፣ ሌባው እሳቸው በሌሉበት በቀን ገብቷል ማለት ነው። ይህ ግን ለዘበኛው አይጠቅማቸውም፤ ቦታ ጥሎ መሄድም ያስጠይቃል። የሚያድናቸው ድስቱ ራሱ ብቻ ነው።

ሌባው ድስቱን ሊሸጥለት ወደሚችለው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ግቢ ሲገቡ ኢንስፔክተሩ የከተማው ምሳ ሁሉ አንድ ቦታ የተከመረ መሰለው። ምድጃ በምድጃ ላይ ተጭኗል፣ ሳህኑ እንደ ግድግዳ ተቆልሏል፣ «ዛሬ ልዩ ምሳ አለን» የሚል ሰሌዳ አጥሩ ሥር ዝናብ ይመታዋል።

«ገበያው ደራ አይደል?» አለች ሳጅኗ።

«መግዛቱ ደርቷል። የሚገዛኝ ነው የጠፋው» አለ ነጋዴው። «ሁሉም ይዘጋል እንጂ ማን ይከፍታል? ዘንድሮ ሊከፍት ዕቃ የገዛኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ትናንት ባለጋሪ ልኮ ጎድጓዳ ሳህን አስወሰደ። ስለ ድስቱ ከሆነ የመጣችሁት፣ ሰምቻለሁ። ቢያመጡልኝም አልገዛውም!»

«ለምን?»

«ሚስቴን ያጨሁት እዚያ ቤት ነው። ያን ድስት ቆራርጬ ሸጬ ማታ በምን ዓይኔ ቤቴ እገባለሁ?»

ከግቢው እንደወጡ ኢንስፔክተሩ ቆም አለ። «ሳጅን፣ በዚህ ዘመን ጎድጓዳ ሳህን የሚገዛ ምን ሊያደርግበት ነው?»

«ሾርባ ሊያቀርብበት።»

«በምን ሠርቶ?»

ሳጅኗ ወዲያው ባለጋሪውን ፍለጋ ሄደች።

የባለድስቱ የድሮው ዋና አብሳይ አሁን የሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ድንች ይልጣሉ። ከጨው በቀር ሁሉን ነገር ያበዛሉ ተብለው «አልጫው» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ ለታማሚ ምግብ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም። ትናንት ከንጋት ጀምሮ እዚያው እንደነበሩ ኩሽናው ሁሉ መሰከረላቸው። ኢንስፔክተሩ ስለ ማንቆርቆሪያዋ ሲነግራቸው ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ሞልታ ነበር?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «መጨረሻ የሚወጣ ሰው ማንቆርቆሪያዋን ሞልቶ ይወጣል። ጠዋት ቀድሞ የሚገባው በዚያ ብርድ ውሃ እንዳይቀዳ፣ እሳቱን ለኩሶ እጁን እንዲያሞቅ። የባለቤቱ ሚስት፣ እትዬ ናቸው ያስለመዱን። ‹ነገ የሚገባውን ሰው ዛሬ አስቡት› ይሉን ነበር። ተሰዳድበን እንኳ ሳንሞላት አንወጣም። በኋላ በኤሌክትሪክ የሚያፈላው መጣ፤ የሌሎቹ ቅርንጫፎች ልጆች ይህን ልማድ አያውቁትም።»

«የጓሮዋ በር ቁልፍስ ማን ማን ጋ ነበር?»

«የድሮዎቹ ጋ። እኔ አለኝ፣ ዘበኛው አለው፣ ባለቤቶቹ ጋሼና እትዬም ነበራቸው። እትዬ ግን ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሲከፈት ‹አንዱ ይበቃናል› ብለው ከጋሼ ጋር ተጣሉና ኩሽናውን ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ እግራቸው አልረገጠም። አሁን እህታቸው ጋ ናቸው አሉ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጋሼ ሄደ። ሠራተኞቹ እሳቸው በሌሉበት «አስፋፊው» ይሏቸው የነበሩት የባለድስቱ ባለቤት፣ በካርቶን በተሞላ ሳሎን ውስጥ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ድሮ ጩኸቱን የማያቋርጠው ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ፀጥ ብሏል።

«ድስቱ ጠፋ አልከኝ? እኔ ስንት ነገር አጥፍቻለሁ» አሉ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ሰው ሲበላልኝ ዕድሜ ልኩን የሚበላልኝ መስሎኝ ከፈትኩ፣ አሁንም ከፈትኩ። እሷ ነግራኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ስለ ታሰሩት ዘበኛ ነገራቸው። ቀጥሎም ስለ ማንቆርቆሪያዋ ነገራቸው። ይሄኔ ሰውየው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ የሚመስል ነገር ውልብ ብሎ ጠፋ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ድስቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዘበኛውን ልቀቀው።»

«በየት ገቡ?»

«በጓሮ። ቁልፍ አለኝ።»

«ማንቆርቆሪያዋንም እርስዎ ሞሏት?»

«ልማድ አይደል? ሞላኋት።»

«በምን ውሃ?»

«በቧንቧው ነዋ! በምን ልሞላት ኖሯል?»

ኢንስፔክተሩ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ ሁለቱም አንድ ላይ የተገኙለት ዛሬ ነው። «ጋሼ፣ ቧንቧው ደርቋል። ማንቆርቆሪያዋን የሞላት ሰው ውሃውን ከቤቱ ተሸክሞ ነው የገባው። እርስዎ አልገቡም። ማን እንደገባ ግን አሁን ገብቶዎታል።»

አስፋፊው ትከሻቸው ወረደ። «እባክህ እሷን አትንካብኝ» አሉ በለሆሳስ። «እኔ ያደረግኩባት ይበቃታል።»

ሲወጣ፣ በሩ ላይ ሳለ ሳጅኗ በስልክ ደወለችለት። ባለጋሪውን አግኝታዋለች። ሳህኖቹን ካደረሰ በኋላ፣ በዚያው ቀን ከባለድስቱ ጓሮ አንድ ትልቅ ነገር በሸራ ሸፍኖ እዚያው ቤት አድርሷል።

«በቀን፣ በሰው ፊት» አለች። «ባለሱቁንም እንደገና ጠየቅኩት። ‹ሌባ አይተሃል ሲሉኝ አላየሁም አልኳቸው፣ እውነቴን ነው። እትዬ መጥተው ነበር ወይ ቢሉኝ ኖሮ አዎ፣ ሰላም ተባብለናል እላቸው ነበር› አለኝ።»

ባለጋሪው የጠቆመው፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለው ግቢ የሾርባ ሽታው ገና ከመንገድ ላይ ተቀበላቸው። ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ፤ በአንድ ጊዜ ተራ ፖሊስ ሆነ። እትዬ ሽርጣቸውን አሸርጠው በዚያ ድስት ላይ ቆመው ያማስላሉ። አንድ ጆሮው የተጎመደ፣ በወፍራም ሽቦ የተጠገነ ድስት ነው።

«አንተ!» አሉ ሲያዩት። «ወፈርክ!»

«የእርስዎው እጅ ነው ያወፈረኝ እትዬ። ድስቱን ሰርቀዋል ተብለው ነው የመጣሁት።»

«የገዛ ድስቴን? እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን?» ማማሰያውን እንደ ያዙ ወገባቸውን ያዙ። «ባንክ ሄጄ ለምኛለሁ እኮ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ‹ከሐራጁ በኋላ ይመለሱ› አለችኝ። ከሐራጁ በኋላ ምን ልትሰጠኝ ነው፣ እንፋሎቱን? ሰባቱ ቤት የሱ ነበር፣ ሄደ። ድስቱ የእኔ ነው። በአንድ ድስት ጀምረን ነበር፤ እንደገና በአንድ ድስት እጀምራለሁ አልኩ።»

«ውሃውስ?»

«በጀሪካን ይዤ ገባሁ። ድስት ሳይታጠብ ከቤት ይወጣል እንዴ? የተረፈችውን ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ጨመርኳት።»

«ነገ ማን ይገባል ብለው? ቤቱ እኮ ተዘግቷል።»

እትዬ ማማሰላቸውን ተዉ። «እሱንማ አላሰብኩትም» አሉ። «ያቺ ኩሽና የምትዘጋ አልመሰለኝም መሰለኝ። እጄ ነው የሞላት።»

«ማንቆርቆሪያዋንስ ለምን አልወሰዷትም?»

«እሷማ የድርጅቱ ናት!»

ሳጅኗ ሳቋን ለመደበቅ ወደ አጥሩ ዞረች። ኢንስፔክተሩ ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ በእርስዎ ምክንያት ዘበኛው ታስረዋል።»

የእትዬ ፊት አመድ መሰለ። «እሱ? ቀን የገባሁት እኮ እሱ በሌለበት ብዬ ነው! ሁለተኛ ሥራ እንዳለው ሚስቱ ሹክ ብላኛለች። ካላየ ምን ብለው ይጠይቁታል ብዬ! ወይ ጉዴ፣ ያንን ምስኪን አሳሰርኩት!» ማማሰያውን ሳጅኗ እጅ ላይ ጣሉት። «ታች ታቹን በይው፣ እንዳያርብኝ። አንተ ምን ያስቆምሃል? ና እንሂድ!»

በባለድስቱ አዳራሽ ውስጥ የባንኩ ሰው እትዬን ሲያይ ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ አቀፋቸው። ኢንስፔክተሩ ጥጉ ጋ ሄደና፣ ስንት ዓመት ሥሩ የበላበትን የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገው። ሙሽሪት አለች፤ ሙሽራው አንገቱን አስግጎ አለ። ከኋላቸው፣ በእንግዶቹ መካከል፣ አንድ ጆሮው በሽቦ የተጠገነ ትልቅ ድስት ተጥዷል።

«ከሠርጉና ከድርጅቱ የቱ ይቀድማል?» አለ።

የባንኩ ሰው ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠጋው። በሩ ላይ የተሳለውን ድስትም ዞር ብሎ አየ፤ ሠዓሊው ሽቦዋን እንኳ አልረሳም። «ሠርጉ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ድስቱ የድርጅቱ አይደለም። የሰው ንብረት ሐራጅ ውስጥ የከተተው ባንክ ነው። ክርክር ካለህ ፍርድ ቤቱ ያውልህ። እኔ የምፈልገው ሌባ ነበር፣ ሌባ የለም።»

«ገዢውስ?»

«ስሙን ይግዛ። ሾርባውን የሚሠራው ስሙ ከሆነ ያኔ ያየዋል።»

«ዘበኛው ግን ድስቱ ሲወጣ የት ነበር?»

«አንተስ ያቺ በር ሳትታሸግ ስትቀር የት ነበርክ?»

የባንኩ ሰው ክራባቱን አላላና ፈታው። ያለ ክራባት ሲታይ ደክሞት የከረመ ልጅ ይመስላል። «የእኛም ቅርንጫፍ ሊዘጋ ነው ይላሉ» አለ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ፣ «ሾርባው መቼ ነው የሚጀመረው?» ሲል ጠየቀ።

«ዛሬ» አሉ እትዬ። «ዘበኛዬን ስታስፈታልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ኮፍያቸውን ደፍተው፣ አረንጓዴውን አንገትጌ በቡናማው ሸፍነው ከጣቢያው ወጡ። ኢንስፔክተሩ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አስያዛቸው። ሽማግሌው ዳቦውን አዩት፣ እሱን አዩት፤ የድሮው ነገር ትዝ ብሏቸው ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ የሽማግሌው ድምፅ ተሰበረ፤ ኢንስፔክተሩም ላለማየት መንገዱን ማየት ጀመረ።

አርብ ዕለት ግቢው ጢም አለ። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሚስቱን ይዞ መጣ። ኢንስፔክተሩ አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝቶ መጣ፤ የድሮዋ እሽግ ቤት ውስጥ ናትና። ቀትር ላይ አስፋፊው ሱፋቸውን እንደለበሱ አጥሩ ጋ ታዩ፤ አልገቡም፣ አልሄዱምም። እትዬ ከድስቱ ቀና ሳይሉ፣ «ዕቃ አጣቢ የለንም» አሉ። ሰውየው ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ከሳህኑ ገንዳ ሲለዩ አላያቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለድስቱ ቤት ሐራጁ ከመጀመሩ በፊት፣ ኢንስፔክተሩ «ለሥራ ነው» ብሎ ራሱን እያታለለ ወደ ግቢው መጣ። እትዬም እየደረሱ ነበር። ቁልፉን ከፍተው አብረው ገቡ።

«ትናንት ደክሞኝ ቀድሜያቸው ነው የወጣሁት» አሉ እትዬ። «እንዴት አድርገውት እንደሄዱ እንጃ።» ኩሽናው ግን ተወልውሏል፤ ሳህኖቹ ተደፍተው ተደርድረዋል። ውሃ ሊቀዱ አዲሷን ማንቆርቆሪያ በአንድ እጃቸው አነሡ። እጃቸው ወደ ታች ተሳበ። በሁለት እጃቸው ያዟት፣ ክዳኗን ከፍተው አዩ፤ ሞልታለች።

ኢንስፔክተሩ መጨረሻ የወጣው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው።

«ያን ሁሉ ቤት ሲከፍት ረሳው ብዬ ነበር» አሉ እትዬ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ማንቆርቆሪያዋን ጥደው እሳቱን ለኮሱ።